ድንጋዩን ማን ያውርደው

1.

ቲም። ቤተሰብ። መንጋ። ኮሚቴ።

መምህር አስረስ እነዚህን በእንግሊዝኛ ሰሌዳው ላይ ጻፈና ጠመኔውን አስቀመጠ። ስምንተኛ ክፍል፤ የዛሬው ትምህርት፣ ጥቅል ስም። «ውስጡ ብዙ ሰው አለ፤ ግን እንደ አንድ ይቆጠራል» አላቸው። ይህን ሲል አሥራ አንደኛ ዓመቱ ነው። ኤዲያ፣ ሰለቸው።

2.

ምሳሌ ከፈለጋችሁ፣ የዝውውር ኮሚቴ። አስረስ ሚስቱና ልጁ ወዳሉበት ወደ ደብረ ማርቆስ ለመዛወር ስድስት ጊዜ አመልክቷል። ስድስቱንም ጊዜ «ኮሚቴው አልተቀበለውም» ተባለ። አባላቱን አንድ በአንድ ጠየቀ።

3.

አንደኛው፦ እኔማ ደግፌህ ነበር፤ ኮሚቴው ነው እንጂ።

ሁለተኛዋ፦ እናቴ ትሙት፣ እጄን አውጥቼልህ ነበር! ኮሚቴው ነው እንጂ።

ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ አምስተኛውስ? አንባቢዬ፣ አታድክመኝ። ያው ነው።

4.

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። ውሸት ነው፤ አስረስ ረሳ።

ባለፈው ሳምንት እሱ ራሱ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ሆኖ ተቀምጦ ነበር። ተማሪ ትርንጎ ሙላው ሃያ ሦስት ቀን ቀርታለች። እናቷ አልጋ ላይ ናቸው፤ የምታስታምማቸው እሷ ናት። አስረስ ይህን ያውቃል። ሊናገር ፈልጎም ነበር። ግን ስብሰባው ረዘመ፣ ራበው፣ ሌሎቹም እጃቸውን አወጡ።

እሱም አወጣ።

ጽሑፉ ያምራል ተብሎ ደብዳቤውንም የጻፈው እሱ ነው፦ «ኮሚቴው ተማሪዋን ከትምህርት ገበታዋ አሰናብቷል።»

5.

ይህን ቁጥር ለትርንጎ ትቼዋለሁ። ማንም አልጠየቃትም።

&nbsp;

&nbsp;

6.

እንግዲህ ዛሬ፣ ትምህርቱ መሃል፣ በሩ ተንኳኳ። የትርንጎ አባት አቶ ሙላው ናቸው፤ ማጅራታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመዋል። በአገሩ ይቅርታ የሚለመነው እንዲህ ነው። ተለማኙ በእጁ ካላወረደው ድንጋዩ አይወርድም።

«መምህር፣ ዳይሬክተሩን ለመንኩ፤ ኮሚቴው ነው አሉኝ። ምክትሉንም ለመንኩ፤ ኮሚቴው ነው አሉኝ።»

«አረፍ ይበሉ እንጂ፣ አባቴ።»

«ይህን ተሸክሜ የት አርፋለሁ? ኮሚቴ ድንጋይ አያወርድም፣ መምህር። ሰው አሳዩኝ። ልጄን ማን ነው ያባረራት?»

የትርንጎ ወንበር ባዶ ነው።

አስረስ አፈረ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ደግሞም ደክሞታል። አንዲት ቃል ብቻ ብትናገር ትገላገላለህ ይለዋል ልቡ፤ ቃሏም ከኋላው ሰሌዳው ላይ ተጽፋለች።

7.

መልመጃ። ባዶ ቦታውን ሙሉ።

«ማን ነው?»

«______________።»