ፍየሉ የወደቀበት ገደል

ባሏን መንደርተኛው ሁሉ «ፍየሉ» ነበር የሚለው፤ ገደል ለገደል ሲሄድ ሜዳ ላይ ያለ ይመስል ነበርና። በተራራው ጥብቅ ደን አጠገብ መንደሩ በማኅበር ሎጅ ሲያቋቁም፣ የመጀመሪያው አስጎብኚ እሱ ሆነ። እሷ ደግሞ ወጥ ቤቱን ያዘች። «ባልየው ካለ እንግዳ አይጠፋም፤ ሚስትየዋ ካለች አይራብም» እየተባለ ይቀለድ ነበር።

አምና አንድ ከከተማ የመጣ ጎልማሳ ፎቶ አነሳለሁ ብሎ በጉም ከመንገድ ወጣ። ፍየሉ ሊመልሰው ሄደ። ጎልማሳው ተመለሰ፤ ፍየሉ ቀረ። ገደሉ ታች የለውምና ሬሳው እንኳ አልወጣም።

ዘንድሮ ሰውየው ተመልሶ መጣ። እሷ ድንች ስትልጥ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሞ፣ ኮፍያውን በእጁ እያሸ «እህቴ፣ እኔ ነኝ» አላት። ማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋትም።

«ቦታውን ልየው። ካላየሁት እንቅልፍ የለኝም።»

«እኔስ መች አለኝ?» ልትል ከአፏ መለሰችው። እንግዳ ነው። አስጎብኚዎቹም ሌሎች ሰዎች ይዘው ወጥተዋል። እጇን በሽርጧ ጠረገችና መራችው።

አፋፉ ላይ ሲደርሱ ሰውየው ተንበርክኮ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። እሷ ግን እንባ አልመጣላትም። ወደ ገደሉ እንዳያዘነብል ካፖርቱን ከኋላ ጨምድዳ ይዛ «አይዞህ፣ በቃህ» ትለው ጀመር። ማንን እያባበለች እንደሆነ ድንገት ገባት፤ ካፖርቱን ግን አልለቀቀችም።

«እዚህ ሐውልት አሠራለታለሁ» አለ ሰውየው አፍንጫውን እየጠረገ። «መንገዱንም አስጠርጋለሁ።»

ማኅበሩ ለዚሁ ጉዳይ ምግብ አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰበ። ሊቀመንበሩ ዋርሳዋ ነው፤ የፍየሉ ታናሽ ወንድም።

«እትዬ፣ የወንድሜ ስም ቢነሳ ምን ክፋት አለው?» አላት። «እንግዳም ታሪኩን እየሰማ ይመጣል። ክፍሎቹ ባዶ መሆናቸውን አንቺም ታውቂያለሽ።»

«ወንድምህን ለመንገደኛ ማሳያ ልታደርገው ነው?»

«መንደሩ በምን ይደር ታዲያ?»

ሎጁ የሁሉም ነው፤ የእሷም ጭምር፤ የሚወሰነውም በድምፅ ብልጫ ነው። የማይስማማ ሲባል እጇን አወጣች። አማቷ፣ የፍየሉ እናት፣ አብረዋት እንደሚያወጡ አልተጠራጠረችም። አሮጊቷ ግን እጃቸውን ከነጠላቸው ሳያወጡ መሬት መሬቱን አዩ።

«እማማ?»

«ልጄ መቃብር የለው፣ የእኔ ልጅ» አሉ አማቷ። «ድንጋይም ቢሆን ልዳብስበት።»

በአማቷ ልትቀየም ሞከረች፤ ሆዷ እንቢ አላት። እጇን ግን አላወረደችም፤ ቆጥረው እስኪጨርሱ ብቻዋን እንዳወጣች ቆየች።

ሐውልቱ ቆመ። ዋርሳዋ እንዳለውም ሆነ፤ ክፍሎቹ ሞሉ። አማቷ ጉልበታቸው በፈቀደላቸው ቁጥር እየሄዱ ድንጋዩን ይዳብሳሉ። እሷ አንድ ቀንም አልሄደችም።

አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ ከዚያው የተመለሰች አንዲት ወጣት እንግዳ ዓይኗ በእንባ እንደቀላ ታሪኩን ከላይ እስከ ታች ነገረቻት። እሷም ጭልፋውን ይዛ ቆማ እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

«ሚስትም ነበረችው አሉ» አለች ልጅቷ። «እሷስ ምን ሆነች?»

«አለች» አለች። «ሾርባ ልጨምርልሽ?»