መሬማ የዘራችው መደብ

ፈዲላ የዳሱን ቋሚ በሁለት እጇ አንቃ ይዛ አልለቅም አለች። ለዳሱ ቋሚዎች ጉድጓድ የሚቆፍሩት የቅሬው ሰዎች ዶማቸውን ተደግፈው ወደ ሙሐዲን ዞሩ። ከቀብር መመለሳቸው ነው፤ የእግራቸው አቧራ እንኳ አልተራገፈም። ለቀስተኛው ከኋላቸው እየጎረፈ ስለሆነ ዳሱ ቶሎ መቆም ነበረበት።

«እዚህ አይቆምም» አለች። «ወደ በሩ አውጡት።»

ሙሐዲን የቅሬው፣ የሰፈሩ እድር፣ ዳኛ ነው። የሰፈሩን ሰው ሁሉ ሲያስቀብርና ሲያስተዛዝን የኖረ፣ ቁጣ የማያውቅ ሰው ነው፤ ፈዲላን ያናደዳትም ይኸው ትዕግስቱ ነበር። መሬቱን አየው። ድንጋዩ ተለቅሟል፣ አፈሩ ተደልድሏል፣ ደረቅ ሳር እኩል ተጎዝጉዞበታል። ለለቀስተኛው ቀድሞ ያሰበውን ሰው አላህ ይስጠው ብሎ መርቆ፣ ከዚህ የተሻለ ቦታ ከየት ይመጣል ሲል ጠየቃት። ከዚያ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ዝቅ ቢያደርገውም ሁሉም ሰማው።

«ፈዲላ፣ ዛሬ እንኳ ተያት። ሞታለች እኮ።»

እጇ ከቋሚው ላይ ወረደ። ልትመልስለት የፈለገችው ብዙ ነበር፤ ተናዳ ፊቷን አዙራ ሄደች። ሰዎቹም ቁፋሯቸውን ቀጠሉ።

የሞተችው መሬማ የፈዲላ ጣውንት ናት። ባላቸው ኑርዬ ከሞተ ዓመታት አልፈዋል፤ ከሐይቁ ብዙም በማይርቀው ግቢ ውስጥ ግን ሁለቱ ቤቶች ዛሬም ፊት ለፊት እንደተፋጠጡ ናቸው። በመካከላቸው አትክልት የሚለማበት መሬት አለ። ያ ሳር የተጎዘጎዘበት ቦታ የእንግዳ መቀመጫ አልነበረም፤ መሬማ የበርበሬ ዘር የዘራችበት መደብ ነው። ሳሩን ያለበሰችው ዘሩ እስኪበቅል እርጥበቱን እንዲይዝለት ነው። የቅሬው ሰዎች የጤፍና የማሽላ ገበሬዎች ናቸው። የጓሮ አትክልትን የሴት ሥራ ብለው ዞር ብለው አያዩትም፤ ሳር የተነሰነሰበት ሜዳ ሲያዩ ደግሞ ትዝ የሚላቸው መቀመጥ ብቻ ነው።

ዳሱ ቆመ። ሰሌኑ ተነጠፈ። ወንዶቹ ጫማቸውን አውልቀው ዘሩ ላይ ተቀመጡ።

ሴቶቹ የተቀመጡት በመሬማ ቤት ነበር። የሚመጣው ሁሉ የመሬማን ልጅ ባድሩን «አላህ ሰብሩን ይስጥህ» እያለ ያቅፋል፣ ዘመዶቿን በየተራ ያስተዛዝናል፣ ፈዲላ ጋ ሲደርስ እንደ በር መቃን አልፏት ይገባል። ጣውንትን ማን ያስተዛዝናል? ጧት ጀናዛዋ ሲታጠብም እንዲሁ ሆነ። ውሃ ይዛ ብትገባ አጣቢዎቹ እርስ በርስ ተያይተው አንቺ ውጪ ሁኚ አሏት። ለሱብሂ ሶላት ሳትነሳ ስትቀር ልሰድባት ሄጄ በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ ልትላቸው ፈልጋ ነበር። ከጥፍሯ ስር ያለውንስ አፈር ከኔ በቀር ማን አጥርቶ ያወጣላታል ልትላቸው ፈልጋ ነበር። ማንም አልጠየቃትም፤ ውሃውን በሩ ስር አስቀምጣ ወጣች።

ጥግ ላይ ከተቀመጡት አንዷ የፈዲላን ደረቅ ዓይን አይታ «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» አለች፣ ለማንም እንዳልተባለ አስመስላ። ሌላዋ ተቀብላ ቀጠለች፤ የቀብሩ አፈር ሳይደርቅ ዳስ ልታስነቅል እንደነበር፣ ለጣውንቷ የለቅሶ መቀመጫ እንኳ እንደነፈገች። ጎረቤቷ አሰገደች ንፍሮ ይዛ መጥታ እፍኝ አስያዘቻትና እንድትቀምስ ለመነቻት። የሰው አፍ ክፉ ነው፣ ለጊዜው ዝም በይ ብላም መከረቻት። ፈዲላ ንፍሮውን ጨብጣ ተቀመጠች። በሴቶቹ ተናዳለች፣ በሙሐዲን ተናዳለች፣ ከሁሉ በላይ በመሬማ ተናዳለች። ራሴን አመመኝ ብሎ ጋደም እንዳሉ መቅረት ምን ማለት ነው? ሰው መደብ ዘርቶ ይሞታል?

የሚወራው ሁሉ ውሸት ነው ማለት አይቻልም። ኑርዬ መሬማን ያገባ ጊዜ ፈዲላ ልብሷን ጠቅልላ ወደ አምባሰል ደጋ፣ ወደ ወላጆቿ ቤት ሄዳ ነበር፤ ሽማግሌ ተልኮ ነው የተመለሰችው። ከዚያ በኋላ ያልተጣሉበት ነገር የለም። የቦይ ውሃ ተራ አጣልቷቸዋል። የመሬማ ዱባ ወሰን ተሻግሮ ቢመጣ ፈዲላ ሐረጉን በማጭድ ቆርጣ ጥላዋለች፤ መሬማም በማግስቱ የፈዲላን ዶሮ በድንጋይ አንካሳ አድርጋታለች። ኑርዬን የገደለው በሽታ ሳይሆን የሁለቱ ምላስ ነው የሚሉ አሉ። ራሱ ኑርዬም ከመሞቱ በፊት ይለው ነበር።

ሰው ያላየው ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። ኑርዬ ሲሞት ሁለቱም ዒዳ ተቀመጡ። ባሏ የሞተባት ሴት ዒዳዋ እስኪያልቅ ከግቢዋ አትወጣም፤ ገበያ የለ፣ ሰርግ የለ፣ ጎረቤት መዞር የለ። ሁለት ጣውንቶች በአንድ አጥር ውስጥ ተዘጉ። መጀመሪያ ተኳረፉ። ሲቆይ ማኩረፉም ሰለቻቸው። ጊዜው በልግ ነበርና አንድ ቀን መሬማ ዶማ ይዛ በቤቶቹ መካከል ያለውን ጥሻ መመንጠር ጀመረች። የሐይቅ ዳር ልጅ ናት፤ አትክልት ታውቃለች። ፈዲላ ከደጃፏ ሆና ስታያት ቆየችና ግማሹ የኔ ነው ብላ የራሷን ዶማ ይዛ ወጣች። እሷ የደጋ ሰው ናት፤ ከገብስና ከባቄላ በቀር በእጇ ዘርታ አታውቅም። የመጀመሪያውን የጎመን ዘር አርቃ ስትቀብረው መሬማ መጥታ አናቷ ላይ ቆመች።

«ዘር እኮ ነው፣ ሬሳ አይደለም። እስከ ምን ድረስ ነው የምትቀብሪው?»

«ሬሳስ ያንቺ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አልለፋም ነበር፤ ከላይ ከላይ እመልስብሽ ነበር» አለቻት ፈዲላ።

መሬማ ሳቀች። ፈዲላም ሳቀች። ባል ቀብረው የተቀመጡ ሴቶች ናቸውና ነውር ነበር፤ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ሳቁ። ከዚያ ወዲያ መሰዳደቡም አልቀረም፣ አብሮ መቆፈሩም አልቀረም። ዒዳው አልቆ በሩ ሲከፈት ሁለቱም ጓሮው ውስጥ ቀሩ። ዘሩን ከአመድ ጋር ለውሰው ይዘራሉ፣ ችግኙን ፀሐይ ሲበርድ ያዛውራሉ፣ ጎመኑ ትል ሲያወጣ አንዷ ሌላዋን ትወነጅላለች። ከአጥር ውጪ የሚሰማው ስድቡ ብቻ ስለሆነ መንገደኛው እነዚያ ጣውንቶች ዛሬም ይናከሳሉ እያለ ያልፋል። መሬማ ሳትሳደብ ያረፈደች እንደሆነ ፈዲላ ምን ነክቷት ነው ብላ ቤቷ ትሄዳለች።

የበርበሬውን መደብ የዘሩ ዕለትም ተጣልተው ነበር። ያ ዘር መሬማ ከእናቷ ቤት ይዛው የመጣችው፣ በየዓመቱ ከምርጥ ምርጡ ዛላ እየለቀመች ያቆየችው ነው። ያለፉት በልጎች ከድተዋት እፍኝ የማይሞላ ቀርቷት ነበር። ዘንድሮ ዝናቡ በጊዜው ሲገባ ሁሉንም አፈሰሰችው። ፈዲላ ትንሽ አስቀሪ፣ ዘር ሁሉ አይዘራም፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሉሻል ብላ ተከራከረቻት። መሬማ የተቀመጠ ዘር ያረጃል እንጂ አይወልድም ብላ የእጇን አመድ አራገፈች። እና አሁን በቤቷ አንድ ፍሬ የለም። መደቡ ከጠፋ ዘሩም ከሷ ጋር ተቀበረ ማለት ነው።

በሁለተኛው ቀን ፈዲላ ሙሐዲንን ለብቻው ጠርታ ሁሉንም ነገረችው። ሰማት፤ አዘነላትም። ግን የቆመ ዳስ የሦስተኛው ቀን ዱዓ ሳይደረግ አይነሳም፤ ቀድሞ ማንሳት በቤቱ ላይ ሌላ ሞት መጥራት ነው አላት። በርበሬው ደግሞ ከገበያ ይገኛል ብሎ አጽናናት። ወደ ባድሩ ሄደች። ባድሩ ደሴ የሚሠራ፣ መርዶ ሰምቶ ለቀብሩ የደረሰ ሰው ነው። የቀላ ዓይኑን ቀና ሳያደርግ «እትዬ ፈዲላ፣ አሁን የምናወራው ስለ በርበሬ ነው?» አላት። እናቱን የቀበረ ሰው ነው፤ ትታው ወጣች።

ዳሱን ዞራ ከጀርባው ተንበረከከች። ሸራውን ገልጣ እጇን በሰሌኑ ስር አሾለከችና ሳሩን ፈነቀለች። አፈሩ በሰው ክብደት እንደ አውድማ ጠጥሯል። በጣቷ ስትዳስስ ክር የመሰለ ነገር አገኘች፤ አንገቱን እንደቀለሰ ነጭ ቡቃያ። ከጎኑ ያለው ተጨፍልቋል። ከዚያ ወዲያ ያለውም ተጨፍልቋል። በቅሏል ማለት ነው። ሳሩ ካልተነሳለት ብርሃን አጥቶ ይሞታል፤ ሰዎቹ ካልተነሱለት ግን እስከዚያም አይደርስም።

ከዚያ ተነስታ ወደ ወንዶቹ በፊት ለፊት ገባች። ሼሁ ዱዓቸውን ጨርሰው ሁሉም መዳፉን ፊቱ ላይ ያሳለፈበት ጊዜ ነበር።

«ተነሱ» አለች።

ማንም አልተነሳም። ሙሐዲን አላህን ፍሪ እያለ እጁን ዘረጋ።

«እናንተ ፍሩት» አለች። «ከናንተ ውስጥ መሬማን የሚያውቃት ማን ነው? ስታስል ማን ሰማት? እኔ ጧት ጧት በሷ ስድብ ነው የምነቃው። ትናንት ግቢው ጸጥ ሲል ነው መሞቷን ያወቅሁት። እናንተ እኔን እየዘለላችሁ ግድግዳውን ሁሉ አስተዛዘናችሁ፤ ይሁን። በእጇ የዘራችው የመጨረሻ ነገር ግን እዚህ ስር በቅሏል፣ እናንተም ቁጭ ብላችሁበታል። ለሷ ካዘናችሁ ከላይዋ ላይ ተነሱላት።»

ድምፅዋ መጨረሻው ላይ ተሰነጠቀ፤ በዚህም ተናደደች።

ባድሩ ከተቀመጠበት ፈቀቅ ብሎ የሰሌኑን ጫፍ አጠፈና ሳሩን ገለጠ። በዚህ ጓሮ ነው ያደገው፤ የሚያየው ምን እንደሆነ ማንም ሊነግረው አላስፈለገም። ከዚያ ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ፣ የመደቡን ዳር ዳር እየረገጠ ወጣ። ሼሁ ተከተሉት፤ ሽማግሌዎቹም አንድ በአንድ ተነሱ።

ዳሱ ራሱ አልተነሳም። በእሱ ሙሐዲን አይደራደርም። የጎኑን ሸራ ጠቅልሎ ብርሃን እንዲገባ ካደረገ በኋላ ለቀስተኛውን በዙሪያው ፀሐይ ላይ አስቀመጠ። እንዲህ ያለ ለቅሶ በአገሩ ታይቶ አያውቅም፤ ዳሱ ባዶ፣ ሰዉ ውጪ። በሦስተኛውም ቀን ፈዲላ ዳሱ ውስጥ ብቻዋን ተንበርክካ ሳሩን ትለቅማለች፣ የጠጠረውን አፈር በጣቷ ትፈረፍራለች፣ በተበሳ ጣሳ ውሃ ታርከፈክፋለች። ከመደቡ ከግማሽ በላይ ጠፍቷል። ሴቶቹ አሁንም ያንሾካሹካሉ። ወሬያቸው ተለውጦ እንደሆነ ለማወቅ አልፈለገችም፤ ንዴቷ አልበረደም፣ እንዲበርድላትም አልፈለገችም።

የሰደቃው ምግብ ሊቀርብ ሲል የመሬማ ታላቅ እህት ሀኒያ ከሐይቁ ማዶ ደረሰች። መርዶው ዘግይቶ ነው የደረሳት፤ ነጭ ነጠላዋን ተከናንባ በምርኩዝ የምትሄድ አሮጊት ናት። ባድሩን አቅፋ አለቀሰች። ሴቶቹ ደግፈው ሊያስገቧት ሲሉ ዓይኗ ባዶው ዳስ ውስጥ ገባና ቆመች።

«ያቺ ፈዲላ ናት?»

ባድሩ አዎ አላት። አሮጊቷ የሴቶቹን እጅ አስለቅቃ በመደቡ ዳር ዳር ሄዳ ፈዲላ ፊት ቆመች። ፈዲላ ዘለፋ ጠብቃ፣ መልሷን አዘጋጅታ ተነሳች።

«እኔ ቤት ስትመጣ አንቺን ከመስደብ በቀር ወሬ አልነበራትም» አለች ሀኒያ። «ሳትቀመጥ ትጀምራለች፣ እስክትወጣ ፈዲላ ብቻ። እደሪ ስላት አንድም ቀን አድራልኝ አታውቅም። ያቺ ሴትዮ ብቻዋን ትሆናለች ትለኛለች። አብሽሪ እህቴ። አላህ ሰብሩን ይስጥሽ።»

አቀፈቻት። የፈዲላ እጆች እስከ ክርኗ ጭቃ ነበሩና የአሮጊቷን ነጭ ነጠላ እንዳያቆሽሹ ወደ ጎን ዘርግታ አየር ላይ ያዘቻቸው። ከዚያ በሁለት የጭቃ እጇ የሀኒያን ጀርባ ጨምድዳ ያዘች።