ባቲ ወስጃት ነበር

ፈሪድ «አብሽሪ» ሲለኝ ያኔውኑ መሸሽ ነበረብኝ። ይሄ ሰው «አብሽሪ» ካለ የሆነ ነገር ይበላሻል።

እሑድ ሠርጌ ነው። እኔ አትጠገብ፣ ኮምቦልቻ ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ የምሠራው፣ ሙሽራ ስንገባ የሚለቀቅ ዘፈን በባቲ ቅኝት ራሴ ልዝፈን ብዬ ደሴ ፈሪድ ስቱዲዮ ሄድኩ። የእጮኛዬ የኪዳኑ አባት፣ አባባ ወልደ ሚካኤልም ከኩታበር መጥተው መጨረሻው ላይ ምርቃት ቀዱልን። ጥብቅ ሰው ናቸው። «የፋብሪካ ልጅ እግሯ አይረጋም» እያሉ እኔን ገና በግማሽ ልባቸው ነው የተቀበሉኝ።

የጦሳ ተራራ ብርድ ጉሮሮዬን ያዘውና ድምፄ እዚህም እዚያም ረገጠ። «አብሽሪ፣ ኮምፒውተሩ ያቃናዋል» አለኝ ፈሪድ። የሳተ ድምፅ እየጎተተ ቅርቡ ኖታ ላይ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም አለው። ችግሩ፣ ፕሮግራሙ የሚያውቀው መደበኛውን የፒያኖ ስኬል ነው፤ የእኛ ዜማ ደግሞ በሁለት ቁልፍ መሀል ገብታ ነው የምታለቅሰው። ስለዚህ ፈሪድ ኖታዎቹን በትንሽ በትንሹ ከፍና ዝቅ እያደረገ የራሱን ስኬል ሠርቶ «ባቲ» ብሎ ሰየመው። እስከዚህ ጎበዝ ነው።

ሐሙስ ዕለት ለኪቦርድ ተጫዋቹ ለጣሀ የድምፅ መልእክት ላከ። ጣቱ ስቶ ለማን ሄደ? ለአባባ ወልደ ሚካኤል!

«አትጠገብን ባቲ ወስጃት ነበር፤ አልተመቻትም። አምባሰልም ሞከርኳት፤ እምቢ አለች። ትንሽ ዝቅ ሳደርጋት ግን ለቀቅ አለች። ነገ ባቲ እመልሳታለሁ። እስከዚያ ማንም እንዳይሰማ!»

የወሎ ሰው ሆነው ባቲ ቅኝት መሆኑ ጠፍቷቸው አይደለም። ግን ባቲም አምባሰልም የአገር ስም ናቸው፤ «ወስጃት» ከተባለ ማን ስለ ቅኝት ያስባል?

ኪዳኑ ሥራ ላይ ደወለልኝ። «አባባ ሠርጉ ቀርቷል፣ ድንኳኑ ይነቀል እያሉ ነው። የባቲ ገበያ ሰኞ ነው፤ ሐሙስ ምን ልትሠራ ሄደች ይላሉ። ፈሪድ ጋ ሄደዋል።»

እኔን! ኧረ በእግዜር! ፈረቃዬን ጥዬ ሚኒባስ ውስጥ ዘለልኩ። የሐረጎን ዳገት እስክንወጣ አለቀስኩ፤ ከዚያ በኋላ ፈሪድን ስረግም ደሴ ገባሁ።

ስደርስ አባባ ከዘራቸውን አንስተዋል፤ ፈሪድ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል።

«ወላሂ አባባ፣ የወሰድኩት ድምጿን ነው!»

«ድምጿ ብቻዋን በምን ተሳፍራ ሄደች?»

«ላሰማዎት፤ አብሽሩ» አላቸው። አለቀልኝ አልኩ።

ዓይኑ ከዘራው ላይ ስለነበር ባቲን ልንካ ብሎ መደበኛውን ስኬል ነካው። ድምፄ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ላይ ወደ ኋላ እንደሚሄድ ተሳቢ ጢጥ ጢጥ እያለ ወጣ። አባባ አማተቡ።

«በስመአብ! ይቺ ናት አትጠገብ? ምን ነክቷት ነው?»

ወዲያው «ውለዱ፣ ክበዱ» የሚል የወንድ ድምፅ ተከተለ፤ እያንዳንዷ ቃል ከደረጃ ደረጃ ትዘላለች።

«ይሄ እብድ ደግሞ ማነው?»

ፈሪድ መሬት መሬት እያየ፣ «እርስዎ ነዎት፣ አባባ» አለ።

እኔ ሳቄን በሻርፔ አፈንኩ፤ ካመለጠኝ ትዳሬም አብሮ ማምለጡ ነው።

«ባቲ ስላልወሰድኳችሁ እኮ ነው» አለ ፈሪድ ቀስ ብሎ።

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ውሰደና!»

ፈሪድ «ባቲ» የምትለዋን ነካ። ድምፄ ቦታዋን አግኝታ ገባች። የአባባም ምርቃት ተከተለ፤ በዜማ የተመረቀ ይመስላል። ከዘራቸውን አስቀምጠው ተቀመጡና አንገታቸውን መወዝወዝ ጀመሩ። እፎይ!

ስልካቸው ጮኸ። ኪዳኑ ነው፤ ድንኳኑ ይነቀል ወይ እያለ ነው።

«ማንም እንዳይነካው!» ጮኹበት። «አትረብሸን አሁን፤ እኔና አትጠገብ ባቲ ነን!»

«ሁለታችሁም?» ሲል ሰማሁት።