ላጲሶ በእግሩ ነው የሚመጣው

በ1988 ዓ.ም. ታኅሣሥ ልጄ ሀይሚ ጠዋት ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት አንድ ሥራ ነበራት። ቡፌው ላይ በተዘረጋው ካርታ ላይ አንድ የለስላሳ ቆርኪ ታንቀሳቅሳለች። መጀመሪያ ቁም ሣጥኑ በር ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ታነባለች፤ ቀጥላ ቆርኪውን ወረቀቱ ወዳለው ከተማ ትገፋለች። ካይሮ። አስዋን። ካርቱም። ከዚያ ቦርሳዋን አንግታ ትወጣለች። እኔ እስክትወጣ ድረስ ወጥ ቤት ውስጥ የታጠበ ብርጭቆ ደግሜ አጥባለሁ።

ወረቀቱን የጻፈው አባቷ ነው። ባለቤቴ ኤርሳዶ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ፣ ባለቤት ያልተገኘላቸው ሻንጣዎች የሚቀመጡበት ክፍል ይሠራ ነበር። ሀይሚ አራት ዓመት ሲሆናት ከአጥራችን ማዶ የሚኖሩት ፈረንጆች ልጆች በገናቸው ስጦታ ሲቀበሉ አየች። የኛ ገና ግን ገና አልደረሰም ነበር።

«የኛ ለምን ይዘገያል?» አለችው ምሳ ላይ።

«ላጲሶ በእግሩ ነዋ የሚመጣው!» አላት፤ ጉርሻውን እንኳን አላቋረጠም።

እንዲህ ተጀመረ። ላጲሶ ድሮ ድሮ ዕቃ ተሸካሚ ነበር። አንድ ቀን ታግ የሌለው ሻንጣ ወድቆ አገኘ፤ የባለቤቱ ስም የለበትም፣ አገሩም አልተጻፈበትም። ሌሎቹ ተሸካሚዎች እየረገጡት ሲያልፉ እሱ አንሥቶ ራሱ ላይ ጫነው። ቢከፍተው በጥቃቅን ዕቃ የተሞላ ነው። ባለቤቱን ሊፈልግ ተነሣና በየደረሰበት ቤት አንድ አንድ ዕቃ ማስቀመጥ ጀመረ። ጠዋት ልጁ ነቅቶ «የኔ ነው!» ካለ ለዚያች ዕቃ ባለቤት ተገኘላት ማለት ነው። የገና ስጦታ መነሻው ይህ ነው። ላጲሶ በፈረንጆቹ ገና ይነሣል፤ ቲኬት ስለሌለው አውሮፕላን አያሳፍሩትም፤ አሥራ ሦስት ቀን ተጉዞ በኛ ገና ቦሌ ይደርሳል። ያን ጊዜ ሻንጣው ሊያልቅ ምንም አይቀረው። የኛ ስጦታ ትንሽ የሆነችውም ለዚህ ነው።

ለደመወዛችን የሚስማማ ተረት ነበር። ሀይሚ በየዓመቱ አንድ ትንሽ ነገር ታገኛለች፤ አንድ ዓመት የእርሳስ መቅረጫ፣ አንድ ዓመት የቼዝ ወታደር። «የኔ ነው!» ትላለች፣ ኤርሳዶም እንዳልሰማ ሰው ጫማውን ያስራል።

ኤርሳዶ በ1987 መጨረሻ፣ ጳጉሜ 6 ቀን አረፈ። ያቺ ቀን በአራት ዓመት አንዴ ነው የምትመጣው። ለቅሶ ላይ አንዷ ሴት «ታዲያ ሙት ዓመቱን በየትኛው ቀን ልታወጡ ነው?» ብላ ስትጠይቅ ሰምቼ ተነሥቼ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ስለዚያች ቀን ከማንም ጋር አላወራሁም፤ ከሀይሚም ጋር። ወረቀቱን ግን ከነበረበት አላነሣሁትም፤ እሷም ታኅሣሥ 16 ሲደርስ ማንንም ሳትጠይቅ ቆርኪዋን አወጣች።

ዓርብ ታኅሣሥ 26 ከቢሮ ስመለስ ሀይሚ ከጎረቤታችን ከጋሽ ገብረትንሣኤ በር ላይ ቆማ እጇን እያወናጨፈች ታወራለች። በትምህርት ቤታቸው የገና አባት መጥቶ ከረሜላ በትኖ ነበር።

«የስፖርት አስተማሪያችን ነው፤ ጢሙን የያዘው ላስቲክ ይታያል» ትላቸዋለች። «ደግሞ በፒካፕ ነው የመጣው። እውነተኛው ሰኞ ነው የሚደርሰው።»

«ሰኞ?» አሉ ጋሽ ገብረትንሣኤ ጋዜጣቸውን አጥፈው። በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ነበሩ፤ የበዓል ቀን የሳተ ሰው አያልፋቸውም። «ሰኞ ከመጣማ የሚያገኘው የተረፈ ወጥ ነው። ገና እሑድ አይደለም እንዴ!»

«ገና ሃያ ዘጠኝ ነው። እሑድ ሃያ ስምንት ነው።»

«በሌላው ዓመት ነዋ! ዘንድሮ ዘመነ ዮሐንስ ነው። በዮሐንስ ልደት በሃያ ስምንት ይውላል።»

«አባዬ ሃያ ዘጠኝ ብሎ ጽፏል!»

«አባትሽ የጻፈው ያለፈውን…» አሉና እኔን ሲያዩ አቆሙ።

ሀይሚ ከሁለታችንም ምንም ሳትጠብቅ ወደ ቤት ሮጠች።

ስህተቱ ቀላል ነበር። እኔ የምሠራበት ቢሮ በፈረንጅ ቀን ነው የሚሠራው። ገና እሑድ እንደሚውል አውቃለሁ። ሀይሚ ደግሞ ታኅሣሥ ስንት እንደሆነ ታውቃለች። ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው ነው ቤቱ ውስጥ የሌለው። ወረቀቱ የአምናው ነው፤ ላጲሶ ዘንድሮ በ15 መነሣት ሲገባው በ16 አስነሥተነዋል።

ስገባ ሀይሚ ወረቀቱ ፊት ቆማ ነበር። የኤርሳዶ ጽሕፈት ወደ ግራ ያዘነበለ ነው። «26 — ጎሐ ጽዮን። 27 — ፍቼ። 28 — ሱሉልታ፤ ብርድ ስለሆነ ጋቢ ይልበስ። 29 — ቦሌ።»

«አይደርስም» አለች።

«ትንሽ ይፍጠን።»

«ከሮጠ ዕቃው ይሰበርበታል። አባዬ ነግሮኛል።»

«የጭነት መኪና ያሳፍረዋል።»

«ቲኬት የለውማ!» በንቀት አየችኝ። «ደግሞ ገና ካለፈ ወደ ኋላ ይመለሳል። ሰኞ የሚመጣ ሌላ ሰው ነው።»

ኮቴን አወለቅሁ፣ መልሼ ለበስሁ። ሰኞ ጠዋት አንድ ነገር ትራሷ ሥር ብከት ማን እንዳስቀመጠው ወዲያው ታውቃለች። ያን ጊዜ ያለፉትንም አራት ዓመታት ማን ሲያስቀምጥ እንደኖረ ታውቃለች።

«እማዬ» አለች ፊቷን ሳትመልስ። «ላጲሶም ሞቷል?»

«አልሞተም» አልኩ። 

ቅዳሜ ጠዋት ሀይሚን ለጋሽ ገብረትንሣኤ ባለቤት ትቼ መገናኛ ሄድኩ። ኤርሳዶ ዕቃዎቹን የሚገዛበትን ሱቅ አውቃለሁ፤ ከሥራ ቦታው አንድ መርፌ እንኳን ነክቶ አያውቅም። ከኤርሳዶ ጋር ስመጣ የሚያውቀኝ ባለሱቁ አብዱልገኒ ጥቁር ልብሴን አየና ከመቀመጫው ተነሣ።

«ለትንሿ ነው?»

«ለእሷ ነው።»

«አላህ ይማረው። ‹ከዚህ ያነሰ የለህም ወይ?› የሚለኝ ደንበኛ እሱ ብቻ ነበር። ሌላው ሁሉ ትልቁን አውርድ ነው የሚለኝ።»

አንድ በአንድ እያወረደ ደረደረልኝ። ከሁሉ ትንሿን፣ ቀይ ፊሽካ መረጥሁ። ስመለስ ታክሲ ውስጥ መቀመጥ አልሆነልኝም፤ ሁለት ፌርማታ ሲቀረኝ ወርጄ በእግሬ ሄድኩ። ፊሽካውን ብይዝም የጎደለችው ቀን እንደጎደለች ነበረች። የሃያ ዘጠኙን ዘጠኝ በእስክሪብቶ ስምንት ማድረግ የደቂቃ ሥራ ነው። ግን በእሱ ጽሕፈት ላይ እጄን ማሳረፍ አልቻልኩም፤ ሀይሚም አትታለልም።

ጋሽ ገብረትንሣኤ በራቸው ላይ ጠበቁኝ።

«እድላዊት፣ ይቅር በይኝ። አፌ ቀደመኝ።»

«ምንም አይደል፣ ጋሼ። ግን ለምንድነው በሃያ ስምንት የሚሆነው? ቀኗ ወዴት ትሄዳለች?»

«የትም አልሄደች። ቀድማ መጥታ ነው እንጂ። በሉቃስ ማብቂያ ጳጉሜ ስድስት ትሆናለች አይደል? ያቺ ትርፍ ቀን ናት…» አሁንም አቆሙ። የቀብሩ ዕለት ከጎኔ የቆሙት እሳቸው ነበሩ።

«አውቃለሁ» አልኳቸውና ገባሁ።

ሀይሚ ቆርኪውን ፍቼ ላይ አስቀምጣ፣ አገጯን ቡፌው ላይ አሳርፋ ታየዋለች። ወንበር ሳብኩላት።

«ነይ ተቀመጪ።»

«አንቺ አትቀመጪም?»

ተቀመጥኩ።

«ላጲሶ የሚሸከመው ምን ዓይነት ዕቃ ነው?»

«ታግ የሌለው። ባለቤት ያልተገኘለት።»

«ጳጉሜ ስንት ቀን ናት?»

«አምስት።»

«አምናስ?»

ቆርኪውን ባለበት አዞረችው። «ስድስት። አባዬ የሞተ ጊዜ።»

ይህ ነገር በቤታችን ጮክ ተብሎ ሲነገር የመጀመሪያው ነበር። እጆቼን ጭኔ ላይ አጣመርኳቸው።

«ስድስተኛዋ ትርፍ ናት። ሦስት ዓመት አትመጣም፣ በአራተኛው ትመጣለች። በማግስቱ አዲስ ዓመት ስለሆነ ሰው ሁሉ ጥሏት አለፈ። እኔም ላያት አልፈለግሁም። ላጲሶ ወድቃ አገኛትና ሻንጣው ውስጥ ከተታት።»

«ቀኗን?»

«ቀኗን።»

አውሮፕላን ሊነሣ ነበርና መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ሁለታችንም እስኪያልፍ ጠበቅን።

«ትከብዳለች?» አለች።

«ትከብዳለች።»

«አሁን ምን ያደርጋታል?»

«አንድ ቀን ጎድሎት የለ? ያወጣትና ይሄድባታል። እሑድ ይደርሳል።»

አሰበችበት። ከዚያ ራሷን ነቀነቀች፤ የአባቷ ልጅ ናት።

«አይሆንም። የሰው ዕቃ ነው። ባለቤቱን ሳይጠይቅ አይነካም።»

 ተነሥቼ መስኮቱን ዘጋሁ፣ መልሼ ከፈትኩት።

«ባለቤቷን ጠይቋል» አልኩ።

«ማንን?»

«እኔን። የኔ ናት።» ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። «የኔ ናት። ውሰዳት፣ ሂድባት አልኩት።»

«መቼ አልሽው?»

«አሁን።»

ሀይሚ ከወንበሯ ወረደች። ከዚያ ከቦርሳዋ እስክሪብቶ አምጥታ እጄ ላይ አስቀመጠች።

«ወረቀቱ ላይ ካልተጻፈ አያውቅም» አለች።

ከኤርሳዶ ጽሕፈት በላይ ትንሽ ባዶ ቦታ ነበር። እዚያ «ጳጉሜ 6 —» ብዬ ጻፍኩ። ከሰረዙ በኋላ፣ ላጲሶ ያን ዕለት የነበረበት አገር ስም መግባት ነበረበት። እስክሪብቶዬ ወረቀቱን ነክቶ ቆመ። ባዶውን ተውኩት።

እሑድ ጠዋት ሽንኩርት እያቁላላሁ ሳለ ከመኝታ ቤት «የኔ ነው!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። ወዲያው ፊሽካው ጮኸ። ከመስከረም ወዲህ በዚያ ቤት እንዲያ ያለ ድምፅ አልተሰማም። ሀይሚ ጫማ ሳታደርግ ግቢ ወጥታ ነፋችው፤ ደግማ ነፋችው።

«ምንድነው?» አሉ ጋሽ ገብረትንሣኤ ከአጥር ወዲያ። «ትራፊክ ፖሊስ ደግሞ መቼ ጎረቤት ሆነብን?»

«ላጲሶ ደርሷል!» አለቻቸው። «እንዴት ትንሽ እንደሆነች ቢያዩዋት!»

እጄን በሽርጤ አበስኩና ወደ ሳሎን ገባሁ። ቆርኪው ቦሌ ላይ ተቀምጧል። ቁም ሣጥኑ በር ላይ፣ እኔ ከተውኩት ሰረዝ በኋላ፣ በእርሳስ የተጻፉ ትልልቅ ፊደላት ነበሩ። አንዱ በላጲስ ጠፍቶ እንደገና ተጽፏል።

«ጳጉሜ 6 — እኛ ቤት።»

ቆሜ አነበብኩት። ከውጭ ፊሽካው ሦስት ጊዜ ጮኸ።

«እማዬ! ነይ እንጂ፣ ተራሽ ነው!»

ሽርጤን ፈትቼ ወጣሁ።