የግራው ቦታ

ሰው ፋርማሲስት ሲሆን ዘመዱ ሁሉ ደስ ይለዋል። የኔም ዘመድ ደስ ብሎታል። እኔ ግን ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከመስኮት ኋላ ቆሜ «ጠዋትና ማታ፣ ከምግብ በኋላ» ስል ውዬ ወደ ኪራይ ቤቴ ስገባ፣ ቀኑን ሙሉ ካወራሁት ውስጥ አንድም የራሴ ቃል አይገኝበትም። ቤት ደግሞ ማን አለና! ቁልፌን አስቀምጣለሁ፣ እተኛለሁ።

ቱግ ባይ ነኝ፤ አስቀድሜ ልንገራችሁ። «ታድለህ!» የሚለኝ ሰው ያናድደኛል።

ዜማ የተማርኩት ከቁይ ከተማ በእግር በሚደረስ አንድ የሚካኤል ደብር፣ ከየኔታ የኋላሸት ነው። የኔታ ምሕረት የሚባል ነገር አያውቁም ነበር። አንዲት ድምፅ ካጓደልኩ መቋሚያቸውን መሬቱ ላይ ጧ! ያደርጉታል። «አንተ ይታያል! ጆሮህን ለማን አበደርከው?» ይሉኛል በስሜ ጠርተው፤ እንደገና ከመጀመሪያው። እንዲያ እየተሰደብኩ ነው ዜማ የገባኝ። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ የተደሰትኩበት ጊዜ የለም፣ እውነቴን ነው።

እናቴ አመተ ሥላሴ፣ ነፍሷን ይማር፣ «ልጄ፣ ወር ጠብቆ ደመወዝ የሚከፍል ሥራ ያዝልኝ» አለች። አባቴ ሞቶባት ብቻዋን ያሳደገችኝ ሴት ናት፤ እምቢ ማለት አልሆነልኝም። ዘመናዊውን ትምህርት ገፋሁበት።

ለማያውቅ ሰው፣ ለበዓል ዋዜማ ሲቆም ሊቃውንቱ ለሁለት ይከፈላሉ። ቀኙ ይመራል፣ ግራው ይቀበላል። አንዱ ያለ ሌላው አይሆንም። በየኔታ ደብር ግራውን ይዘው የኖሩት መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል አረፉ። ወጣቶቹም እንደኔው ከተማ ገብተዋል። ለቅዳሴው ቄስ አይጠፋም፤ ዜማውን የሚቀበል ግን ጠፋ። የኔታም ላኩብኝ፦ «ይታያል ይምጣና ግራውን ይያዝ። ደብሩ ጎጆና የሚያርሰው መሬት ይሰጠዋል።» እኔ አንዴ «ከፋሲካ በኋላ»፣ አንዴ «ክረምቱ ይውጣ» እያልኩ ቆየሁ።

ዘንድሮ ቆረጥኩ። ሥራዬን ልለቅ ነው፤ ይህንንም ለየኔታ በአፌ ልነግራቸው ለኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ወደ ቁይ ተሳፈርኩ። ከቁይ በእግሬ ሄድኩ። ሰው ሁሉ አጨዳ ላይ ስለነበር መንገዱ ላይ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ከቅጥሩ ስደርስ የየኔታን ድምፅ ሰማሁ። ይመራሉ። መልሱም መጣ፤ ያውም በዚያው በራሳቸው ድምፅ። በሩ ላይ ቆሜ አየሁ። የኔታ በቀኝ ቆመው ይመሩና፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቀስ እያሉ ወደ ግራ ይሻገራሉ። እዚያ ቆመው ራሳቸው ይቀበላሉ። ደግሞ ይመለሳሉ። ምነው ጌታዬ!

ጫማዬን አውልቄ ገባሁና በግራ ቆምኩ። አዩኝ፤ ፊታቸው በራ። መሩ፣ ተቀበልኩ። ድምፄ ወጣ እኮ! እንባዬ መጣ። እንደገና መሩ፣ እንደገና ተቀበልኩ። ቀጥሎ ባለው ላይ ግን ዜማው አመለጠኝ። ከፍ ማለት ሲገባኝ ዝቅ አልኩ፣ ከሌላ ዜማ ጋር ደባለቅሁት፣ ተንተባተብኩ።

ቆምኩና መቋሚያውን ጠበቅሁ። ያ ጧ! እንዲመጣ፣ «አንተ ይታያል!» እንዲሉኝ፣ ከመጀመሪያው እንዲያስጀምሩኝ። ቢመቱ ኖሮ እዚያው እቀር ነበር።

አልመቱም። አንገታቸውን ዝቅ አድርገው፣ እንግዳ ሲሳሳት እንደሚታለፈው፣ እስክጨርስ ታገሡኝ። ከዚያ መጥተው እጄን ያዙ።

«እግዜር ይስጥልኝ፤ ሥራዎን ትተው መጡልን። መንገዱ አድክሞዎታል፣ ይቀመጡ እንጂ።»

«የኔታ፣ እኔ እኮ ይታያል ነኝ! አንተ ይበሉኝ።»

«አውቄዎታለሁ» አሉ ፈገግ ብለው። «ትልቅ ሰው ሆነዋል፣ ተመስገን።»

ወደ ቀኝ ተመልሰው መሩ። ከዚያም ወደ ግራ ሲሻገሩ ቦታውን ለቀቅሁላቸውና ግድግዳው ጥግ ተቀመጥኩ። ልነግራቸው የመጣሁትን ዋጥኩት።

በዓሉን ውዬ ከቁይ ሚኒባስ ያዝኩ። ገና ከመንቀሳቀሳችን ያ የጠፋኝ ዜማ ሙሉውን መጣ። ከፍ ማለት ያለብኝ ቦታ ላይ ከፍ አልኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ዞር ብላ አየችኝ።

የከተማው መውጫ ላይ ረዳቱ «ወራጅ አለ?» አለ።

ዜማው አፌ ላይ ነበር። ተመልሼ ብሮጥ ሳይመሽ እደርሳለሁ። ብደርስስ? «ይቀመጡ እንጂ» ሊሉኝ ነው።

«ወራጅ አለ ወይ?» አለ ረዳቱ ደግሞ።

«የለም አልንህ፣ ሂድ!» ብዬ ጮህኩበት። ምን እንዳስቆጣኝ አልገባውም።