የዶርሙ ቅሬ

«አትገባም!»

ሂሻም በድንኳኑ መግቢያ ላይ እጁን ዘርግቶ አብርሃምን ከልክሎታል። ሁለቱም ኮምቦልቻ ኮሌጅ ይማራሉ፤ ሁለቱም ትናንት የተቀበረው የሙንዚር የዶርም ጓደኞች ናቸው። ድንኳኑ የተተከለው ደሴ፣ ሆጤ፣ የሙንዚር አባት የጋሽ ሸረፈዲን ደጅ ላይ ነው። ሲንሾካሾክ የነበረው ለቀስተኛ ሁሉ አንገቱን አዞረ።

«ቀብር ያልቆመ ለቅሶ አይቀመጥም። ሕጉን ታውቀዋለህ» አለ ሂሻም። ድምፁን ዝቅ ያደረገ መስሎት ነው እንጂ ሴቶቹ ዘንድ ድረስ ተሰምቷል።

ጋሽ ሸረፈዲን ከፍራሹ ላይ ቀና አሉ። ሕጉ የራሳቸው ነው።

እሳቸው የሰፈሩ ቅሬ፣ የእድሩ ማለት ነው፣ ዳኛ ናቸው። ሰው ሲሞት ድንኳን የሚያስተክሉ፣ መቃብር የሚያስቆፍሩ፣ የቀረውን የሚቀጡ እሳቸው ናቸው፤ ቅጣት ላይ ደግሞ ምሕረት አያውቁም። ጎረቤታቸው እንድሪስ አንድ ጊዜ ከቀብር ቀርቶ ሰኞ ገበያ ሲነግድ ተገኘ ተብሎ፣ አስታራቂ ይዞ እስኪመጣ ድረስ ማንም እሳት እንኳ እንዳይሰጠው አስደርገዋል።

ባለፈው ረመዳን ሙንዚር ለእረፍት መጥቶ «አባ፣ እኛም ዶርም ውስጥ ቅሬ አቋቁመናል» ሲላቸው ሳቃቸው አመለጣቸው።

«ማን ሞቶባችሁ?»

«ማንም! የታመመ እናስታምማለን። ወላጅ የሞተበትን አገሩ ድረስ እንሸኛለን። እስላም ክርስቲያን ብሎ ነገር የለም። ዳኛው እኔ ነኝ።»

ልባቸው ቅቤ ጠጣ። ቢሆንም አባት ናቸውና ምክር ሳይጨምሩ አላለፉም።

«እንግዲያው ጠበቅ አድርገህ ያዘው። ሁሉም እንዳሻው የሚገባ የሚወጣበት ከሆነ ሻይ ቤት ነው እንጂ ቅሬ አይደለም። መግቢያው ከበድ ይበል፤ የቀረም ይቀጣ።»

ልጁ እየሳቀ እጃቸውን ስሞ ሄደ። አሁን ደግሞ እነዚሁ የቅሬው ልጆች «ቦርከና ሊዋኝ ገብቶ ደራሽ ውሃ ወሰደው» ብለው ሬሳውን ይዘውላቸው መጡ።

«ሂሻም፣ ልጁን አስገባው» አሉ።

አብርሃም ጫማውን አውልቆ ገባና አጠገባቸው ተንበረከከ። ገና የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነው። ከንፈሩ ደርቋል።

«ቀብር ለምን ቀረህ?»

«ፈርቼ ነው ጋሼ።»

«ማንን?»

«እርስዎን። ሙንዚር ሊዋኝ አይደለም የገባው። ውሃው የወሰደው እኔን ነበር። እኔን ሊያወጣ ነው የገባው። ገፍቶ ዳር አደረሰኝ፣ ዞር ስል የለም።»

«አብርሽ!» አለ ሂሻም፤ ተነጋግረን አልነበር ወይ ዓይነት ነው።

ጋሽ ሸረፈዲን እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙት። «ዋና ትችላለህ?»

«አልችልም።»

«ታዲያ ወንዝ ውስጥ ምን ወሰደህ?»

«ቅሬው ውስጥ የሚገባ ሰው ወንዙን መሻገር አለበት። ሁሉም ተሻግረዋል። እነሱ ሲሻገሩ ግን በጋ ነበር። የእኔ ቀን ከላይ ዘንቦ ነበር።»

የጋሽ ሸረፈዲን ደም ፈላ። የልጃቸውን ገዳይ ሊያገኙት ነው፤ የቀረው ስሙን መስማት ብቻ ነው። ወደ ሂሻም ዞሩ።

«ማነው ግባ ያለው?»

ሂሻም ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። አብርሃምም አጎነበሰ።

«ማነው አልኩ! ወላሂ ዛሬ ሳትነግሩኝ ከዚህ አትወጡም።»

«ዳኛው» አለ ሂሻም በመጨረሻ፣ እያለቀሰ። «እባክህ ለሌላ ቀን እናድርገው አልነው። ‹መግቢያው ከበድ ካላለ ቅሬ አይሆንም› አለን።»

ጋሽ ሸረፈዲን በዚያ ሁሉ ሰው መሐል ተቀምጠው እርቃናቸውን የቀሩ መሰላቸው። ይህን ልጅ ወንዝ ያስገባው ልጃቸው ነው፤ ያወጣውም ልጃቸው ነው። ቃሉ ደግሞ ከእሳቸው አፍ የወጣ ነው። አብርሃምን አዩት። እሱ ቀርቶ ሙንዚር በወጣ ብለው ተመኙ፤ ወዲያው አፈሩ፤ ግን ደግሞ መልሰው ተመኙ።

«ልሂድ ጋሼ?» አለ አብርሃም።

ጋሽ ሸረፈዲን ሳይመልሱለት ከደጋን ከተማ የመጡ ሽማግሌዎች «አሰላሙ ዐለይኩም» እያሉ ገቡ። ከሩቅ የመጡ ናቸው፤ የቤቱን ልጆች በመልክ አይለዩም። ለሐዘንተኞቹ በተራ እጅ ሲሰጡ አብርሃም ቦታ ሊለቅ ተነሳ። የጋሽ ሸረፈዲን እጅ ጉልበቱ ላይ አረፈና ጫን አድርጎ አስቀመጠው።

ከፊት ያሉት ሽማግሌ የአብርሃምን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ። «አይዞህ፣ አብሽር ልጄ። አላህ ሰብሩን ይስጥህ። ወንድምህን ጀነት ይወፍቀው።»

አብርሃም ደንግጦ ወደ ጋሽ ሸረፈዲን ዞረ። እሳቸው ሰውየውን አላረሙም።

እንግዶቹ ተቀመጡና ዱዓ ተጀመረ። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሁለት እጁን ዘረጋ። ጋሽ ሸረፈዲን የዘረጉት አንዱን ብቻ ነው። ሌላው የልጁን ጉልበት እስኪያመው ድረስ ጨብጦ አሚን እስኪባል አልለቀቀውም።