ከልደቱ በኋላ እንነግረዋለን

ውሳኔው የእኔ ነው፤ በማንም አላላክክም። ሐሙስ ዕለት የልብ ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ «የባልሽ የልብ ደም ሥሮች ተዘግተዋል። ሰኞ ይተኛልን፤ እስከዚያ ደረጃ እንኳ እንዳይወጣ» ሲለኝ ክው ብዬ ቀረሁ። ኢሳጋኒ ውጭ ተቀምጦ ከነርሷ ጋር ይቀልዳል። ቅዳሜ ስልሳ ዓመት ይሞላዋል። እኛ ዘንድ ክፉ ወሬ ለታማሚው የሚነገረው ከሰው ሁሉ መጨረሻ ነው፤ እናቴም ከአባቴ ሕመሙን እንደዚሁ ደብቃለች። እኔም «ደህና ነህ፣ ጨው ቀንስ ነው ያሉት» አልኩት። ለልጃችን ለአማሊያና ለወንድሙ ለሩፊኖ ግን እውነቱን ነገርኳቸው። ከልደቱ በኋላ እንነግረዋለን ተባባልን።

ዓርብ ምሳ ማኒላ ውስጥ ሁልጊዜ ልደቱን በዋዜማው የምናከብርበት ምግብ ቤት ገባን። ለረጅም ዕድሜ የሚበላው ፓንሲት ቀረበ፤ ኑድሉ ሳይቆረጥ ነው የሚበላው። ሩፊኖ ሳህኑን እስከ አፉ ሞላለት። የተጠበሰው የአሳማ እግር ሲመጣ እኔ ሳህኑን ወደ ራሴ ሳብኩት።

«አንቺ ሴትዮ፣ የልደቴን ሥጋ የት ነው የምትወስጂው?»

«ጨው አለው።»

«ስልሳ ዓመት ጨው በልቼ ነው እዚህ የደረስኩት።»

አስተናጋጆቹ ከበሮ ይዘው መጥተው ሲዘፍኑለት አማሊያ ፊቷን በናፕኪን ሸፈነች። ሩፊኖ ደግሞ ተነስቶ አቀፈውና አልለቅም አለ። ኢሳጋኒ ግራ ቀኙን አየና «ልደት ነው ወይስ ለቅሶ ቤት?» ሲል ሁላችንም ከልክ በላይ ሳቅን። እሱ ግን አልሳቀም።

ቅዳሜ ጠዋት ከአማሊያ ጋር ሦስታችን ባታንጋስ፣ ባሕሩ ዳር ደረስን። በየዓመቱ በልደቱ ቀን ባሕሩ ላይ ታስሮ እስከሚንሳፈፈው የቀርከሃ መደብ ይዋኛል፤ ሦስት መቶ ሜትር ይሆናል። ይህን እያወቅኩ ነው ያመጣሁት። ይቅር ብለው ይጠረጥራል ብዬ ነው፤ እከለክለዋለሁ ብዬም ነው።

«ልደቱ የቀረበ ሰው አደጋ ይፈልገዋል ሲባል አልሰማህም? ዘንድሮ ይቅርብህ» አልኩት።

«አልቀረበም፣ ዛሬ ነው። አደጋው ቀን ተሳስቷል በይው።»

የመዋኛ ቁምጣውን ደብቄበት ነበር፤ ቤት ረስተነው ይሆናል አልኩት። አማሊያ ጎትታ ከአንድ ዘንባባ ሥር ወሰደችኝ።

«እማዬ፣ አሁኑኑ ንገሪው።»

«የልደቱን ቀን አላበላሽበትም።»

«የምትፈሪው ለእሱ ነው ወይስ ለራስሽ?»

«አፍሽን ዝጊ» አልኳት፣ እውነቷን ስለነበር፤ እሷም ተቆጥታ ጥላኝ ሄደች። ዓሣውን ያለ ጨው እንዲጠብሱለት ልነግር ወደ ወጥ ቤቱ ሄድኩ። አሥር ደቂቃ ብቆይ ነው። ስመለስ ሸሚዙ አሸዋው ላይ ተጥሏል፤ ከነሱሪው ገብቶ ግማሽ መንገድ ደርሷል። ልጮህ አፌን ከፍቼ ፈራሁ፤ ቢደነግጥስ? ጀልባ ቀዛፊውን ቴሮይን በክንዱ ጎትቼ አስነሳሁት።

ስንደርስ ኢሳጋኒ መደቡ ላይ በጀርባው ተዘርግቷል። ከንፈሩ ጠቁሯል፤ ፈገግ ግን ብሏል።

«በስልሳ ዓመቴም ደረስኩበት። አየሽ ኦፌሊያ?»

«አየሁ። በል ጀልባው ላይ ውጣ።»

«እየዋኘሁ ነው የምመለሰው። ምን ሆነሻል?»

አላስቻለኝም። ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ሐኪሙን፣ ሰኞን፣ የልቡን ደም ሥሮች። ጨው አይደለም አልኩት። እሱ ተነስቶ ተቀመጠ።

«አማሊያስ ታውቃለች?»

«አዎ።»

«ሩፊኖ?»

«አዎ።»

«ለዚህ ነው እንዲያ ያቀፈኝ።» ወደ ጀልባ ቀዛፊው ዞረ። «አንተስ ቴሮይ?»

«እኔ አሁን ነው የሰማሁት፣ ጋሼ» አለ ቴሮይ፣ ዓይኑን መቅዘፊያው ላይ ተክሎ።

«እንግዲያው ከእኔ እኩል የሰማኸው አንተ ብቻ ነህ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ሠላሳ ሦስት ዓመት አብሬው ስኖር እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። «ቀድመሽ ብትነግሪኝ እግሬን እንኳ ውሃ አላስነካም ነበር። እንደ ሕፃን በፓንሲት ሸነገላችሁኝ።»

«በድዬሃለሁ። እግርህ ላይ ልውደቅ፣ ብቻ ውጣልኝ።»

«ከአንቺ ጋር አልሳፈርም» አለና ቀስ ብሎ ውሃው ውስጥ ገባ።

ቴሮይ አጠገብ አጠገቡ ቀዘፈ። ኢሳጋኒ ሲጀምር በደንብ ይዋኝ ነበር። ከዚያ ግራ እጁ እየከበደው መጣ፤ ውሃውን መምታቱ ቀርቶ ዝም ብሎ መውደቅ ጀመረ። አንድ ጊዜ ቆመና አፉን ከፍቶ አየር ሳበ። ከጀልባው ዘልዬ ልገባ ምንም አልቀረኝም፤ ግን መዋኘት አልችልም። ጎንበስ ብዬ እጄን ዘረጋሁለት።

እጄን አየው። አልያዘውም። ፊቱን መልሶ ውሃው ውስጥ ከተተና በቀኝ እጁ ብቻ ቀዘፈ። ዳርቻው ላይ አማሊያ ቆማ ታየኛለች። ለመድረስ መቶ ሜትር ያህል ይቀረው ነበር።